የገና በረዶው ከየት መጣ? ነፃ የዴስክቶፕ ማስዋቢያ ሲወርድ አብሮ ስለሚገባው ቫይረስ

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ በዝተዋል፤ መካከል ላይም ከጉዳዩ የራቁ ክርክሮች ገብተውበታል። ስለዚህ ዘግይቶ የሚመጣ አንባቢ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ለማንበብ እንዳይቸገር፣ የመጀመሪያ ጽሑፌን እንዳለ አስቀምጬ የመጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እተርካለሁ። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመክፈቻ ጽሑፍ

አራት ኪሎ አካባቢ አምስት ኮምፒውተር ያለው አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አብራኝ የምትሠራው ልጅ ለበዓሉ ስክሪኖቹን ለማሳመር ብላ ከአንድ ድረ ገጽ ዚፕ ፋይል አወረደች። ውስጡ አሥራ አንድ የሻማ፣ የኮከብና የበረት ሥዕሎች ነበሩ። አሥራ ሁለተኛው የሥዕል ምልክት ይኑረው እንጂ ሁለቴ ጠቅ ሲደረግ በስክሪኑ ላይ በረዶ የሚያዘንብ ነበር። በረዶው ለአንድ ደቂቃ ያህል ወረደ፤ በአዲስ አበባ ገና በረዶ አይተን የምናውቅ ይመስል ሁላችንም ቆመን አየነው።

በሦስተኛው ቀን የሱቁ የቴሌግራም አካውንት ከማናውቀው ቦታ ተከፍቶ ለደንበኞቻችን የብድር ልመና መላክ ጀመረ። በማግሥቱ የፌስቡክ ገጻችን የዲጂታል ገንዘብ ማስታወቂያ ለጠፈ። የይለፍ ቃሉን ብንቀይርም ሌባው ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ገባ። ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እኔ እስከማውቀው ሥዕል የሚታይ ነገር እንጂ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ታዲያ ከሥዕል ጋር ቫይረስ እንዴት ይመጣል? ሁለተኛ፣ ነፃ ማስዋቢያ ማውረድ ክፉ ነገር ካልሆነ በምን መንገድ ቢያወርዱት ይሻላል?

መልሶቹ

1ኛው መልስ የመጣው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሲሆን ትሕትና የተሞላበት ነበር። ጸሐፊው የሶፍትዌር ባለሙያ መሆኑን ከገለጸ በኋላ፣ ያወረድነው አሥራ ሁለተኛ ፋይል ሥዕል ሳይሆን ስክሪን ሴቨር (ኮምፒውተሩ ሳይነካ ሲቆይ በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል የሚያሳይ) እንደነበር ገመተ። በዊንዶውስ ላይ ስክሪን ሴቨር ማለት በስሙ መጨረሻ ኤስ-ሲ-አር የሚል ቅጥያ የተለጠፈበት ፕሮግራም ነው፤ ኢ-ኤክስ-ኢ ከሚለው ተራ ፕሮግራም በውስጡ ልዩነት የለውም። አንዱን ወስደህ ስሙን ብትለውጠው በሌላው ስም ያለችግር ይነሣል። በረዶ ማዝነብ የሚችል ፋይል ደግሞ በዚያው ሥልጣን በብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጡትን የይለፍ ቃላት አንብቦ መላክ ይችላል፤ ዊንዶውስ ለበረዶውና ለስርቆቱ ለየብቻ ፈቃድ አይጠይቅም። የእኔን ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስተካከለልኝ፦ ሥዕል ነው ወይስ አይደለም ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ይህ ፋይል በሌላ ፕሮግራም ተከፍቶ የሚታይ ነው ወይስ ራሱ ተነሥቶ የሚሠራ ብሎ መጠየቅ ይሻላል አለኝ። ከዚያ በኋላ የመጡት መልሶች ሁሉ፣ ተቃዋሚዎቹም ጭምር፣ ወደዚህ ነጥብ ሲመለሱ ቆይተዋል።

2ኛው መልስ በዚህ ተስማምቶ ስክሪን ሴቨር ለምን እንደተሠራ ያስታውሳል። የድሮዎቹ ሆዳም ሞኒተሮች አንድ ምስል ለረጅም ሰዓት ከቆመባቸው በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ፎስፈር ይቃጠልና ጥላው አይለቅም ነበር፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል የመጣው ይህን ለመከላከል ነው። ለዛሬው ሞኒተር የሚበጀው ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንዲጠፋ ማድረግ ብቻ ነው፤ መብራትም ይቆጥባል። እኔ በበኩሌ ይህ ክርክር ትክክል ቢሆንም ለበዓል ጌጥ ለሚፈልግ ሰው እንደማያጽናና ጽፌ አልፌዋለሁ።

3ኛው መልስ ረጅሙ ነው። እኚህ ሰው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ የነበራቸው ሲሆኑ፣ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ እሳቸው ያልጫኑት መሣሪያ አሞሌ፣ ያልመረጡት የመነሻ ገጽና የሚወዛወዝ ጠቋሚ ያገኙ እንደነበር ይተርካሉ። የመዳፊቱን ቀስት ወደ ካርቱን የሚለውጠው ኮሜት ከርሰር የተባለው ፕሮግራም፣ ተጠቃሚው የጎበኛቸውን ገጾች በመለያ ቁጥር እየመዘገበ መሆኑ በ1999 ታውቆ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ቦንዚ በዲ የተባለው ሐምራዊ ጎሪላ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ ተቀምጦ ሲቀልድና ሲዘፍን የልጆች መጫወቻ ይመስል ነበር፤ አምራቹ ድርጅት ግን ያለ ወላጅ ፈቃድ የሕፃናትን መረጃ ሰብስቧል በሚል ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ2004 ስምምነት አድርጎ 75,000 ዶላር ለመክፈል ተገድዷል። እኚሁ ሰው ማካፊ የተባለው የአንቲቫይረስ ድርጅት በ2009 ያወጣውን ጥናትም ያነሣሉ። በአሜሪካ ከተመረመሩት የፍለጋ ቃላት ሁሉ አደገኛ ሆኖ የተገኘው ስክሪን ሴቨር የሚለው ነበር፤ በአንድ የውጤት ገጽ ላይ ከሚወጡት ድረ ገጾች እስከ 59.1 በመቶ የሚደርሱት አደገኛ ነበሩ። ዛሬ ቁጥሩ ሌላ ሊሆን እንደሚችል እሳቸውም አልካዱም፤ ነገር ግን ጌጥ ፈላጊ ሰው ቸኳይ ደንበኛ ስለሆነ ወጥመዱ በዚያ መጠመዱ አይቀርም ብለዋል። የካፌያቸውን ልጆች በምን ዓይነት ቁጣ ይገስጹ እንደነበር የጻፉት ክፍል ይጣፍጣል፤ ግን ረጅም ስለሆነ ሄዳችሁ አንብቡት።

4ኛው መልስ የክሩን ድምፅ ለወጠው። ጸሐፊው ዊንዶውስ የሚጠቀም ሰው ቫይረስ ያዘኝ ብሎ ማልቀስ እንደማይገባው፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ቢጭን ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይደርስበት በአጭሩና በንቀት ጽፏል።

5ኛው መልስ ለዚህ ሰው የተሰጠ ሲሆን፣ ጸሐፊዋ በትሕትና ጀምራ ማስረጃውን በተርታ ደረደረችለት። በታኅሣሥ 2009 የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ማስዋቢያ በሚለዋወጡበት ግኖም-ሉክ በተባለው ድረ ገጽ ላይ የፏፏቴ ስክሪን ሴቨር ተብሎ የተቀመጠ ፓኬጅ ነበር። ሲጫን ፏፏቴ አላሳየም፤ ስክሪፕት አውርዶ ኮምፒውተሩን አንድን ድረ ገጽ በጥያቄ ብዛት ለማጨናነቅ ከሚያገለግሉ ማሽኖች ጋር አሰለፈው። ነገሩን የከፋ ያደረገው ደግሞ ፓኬጅ የሚጫነው የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል በማስገባት መሆኑ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ በሩን ከፍቶ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ምሳሌዋ የቅርብ ነው። በመጋቢት 2024 አንድ ሰው ኬዲኢ ከተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ መደብር ገጽታ የሚለውጥ ግሎባል ቲም ጭኖ የግል ፋይሎቹ በሙሉ ጠፉበት፤ የኬዲኢ ገንቢዎችም በዚያ መደብር የሚገኙ ገጽታዎች ኮድ ማስኬድ እንደሚችሉ ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አወጡ። ስለዚህ ችግሩ የዊንዶውስ ነው ማለት ተገቢ አይደለም፤ የትም ቢሆን ማስዋቢያ የሚለው ስም ፕሮግራምነቱን እንደሚያስረሳን ጻፈች።

6ኛው መልስ የ4ኛው ጸሐፊ መመለሻ ነው። የ2024ቱ ነገር ተንኮል ሳይሆን የአንድ ፕሮግራመር ስሕተት እንደነበር አስታውሶ ግማሽ እጅ ሰጠ። ይህ እርማት ልክ ነው፤ ፋይሎቹን የሰረዘው ትእዛዝ በክፉ ሐሳብ የተጻፈ አልነበረም። ፋይሉ ለጠፋበት ሰው ግን ልዩነቱ ብዙም አይደለም የሚል አስተያየት ከእኔ ታክሎበታል።

7ኛው መልስ በሊኑክስ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ እንዴት እንደሚጫን ጠየቀ። አወያዩ ለዚህ የተለየ ክር መኖሩን ገልጾ መለሰው።

8ኛው መልስ በ1ኛው የተቀመጠውን ልዩነት የሚፈታተን ስለሆነ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ጸሐፊው ንጹሕ ሥዕል ራሱ ጥቃት የተሸከመባቸውን ሦስት አጋጣሚዎች ጠቅሷል። በ2005 መጨረሻ ደብሊው-ኤም-ኤፍ በሚባለው የሥዕል ዓይነት የተገኘው ቀዳዳ፣ ማለትም አጥቂ የሚገባበት የፕሮግራም ስሕተት፣ ሥዕሉን በማየት ብቻ ኮድ እንዲሠራ ያደርግ ነበር፤ ቅጥያው ወደ ጄ-ፒ-ጂ ቢለወጥ እንኳ ዊንዶውስ ይዘቱን አይቶ ስለሚከፍተው ጥቃቱ አይከሽፍም ነበር፤ ማይክሮሶፍት መጠገኛውን ያወጣው በጥር 2006 ነው። በ2007 ተራው የሚንቀሳቀስ የመዳፊት ጠቋሚ ሆነ፤ ኤ-ኤን-አይ የሚል ቅጥያ ያለው ይህ ትንሽ ፋይል በአንድ ድረ ገጽ ላይ መገኘቱ ብቻ ኮምፒውተሩን ለማስያዝ ይበቃ ስለነበር፣ ማይክሮሶፍት የተለመደውን ወርኃዊ ቀን ሳይጠብቅ ሚያዝያ 3 ቀን መጠገኛ አወጣ። ሦስተኛው በመስከረም 2023 የተጠገነው የዌብ-ፒ ሥዕል ቀዳዳ ነው፤ ያው ቀዳዳ ክሮምንም ጨምሮ ብዙ ፕሮግራሞችን በአንድ ጊዜ ነካ። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥቶ ማንኛውም ሥዕል አደገኛ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ።

9ኛው መልስ ድምዳሜውን አልተቀበለም። በሦስቱም አጋጣሚ የተበላሸው ሥዕሉን የሚያነበው ፕሮግራም እንጂ ሥዕል መሆን በራሱ አልነበረም፤ መጠገኛው በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ያ ሥዕል ዋጋ የለውም። የበረዶው ፕሮግራም ግን ምንም ቀዳዳ አያስፈልገውም፤ ተነሥ ሲባል ይነሣል፤ ይህን የሚከለክል መጠገኛ አይሠራም። ስለዚህ ለሥዕሉ ዊንዶውስንና ብራውዘርን ማደስ ይበቃል፤ ለፕሮግራሙ ደግሞ ጠቅ ከማድረግ መታቀብ ያስፈልጋል። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ ሱቄ ውስጥ ዊንዶውስ 7 ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። ከአምስቱ በሁለቱ ላይ እንዳለ አመንኩ። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጥር 14 ቀን 2020 መቋረጡንና በእነዚያ ሁለት ማሽኖች ላይ ሥዕልም ቢሆን ያለ ሥጋት የሚከፈት እንዳልሆነ ነገረኝ። በሁለቱ ላይ የሚሠሩት ፕሪንተሮች አሮጌዎች በመሆናቸው እስካሁን አልቀየርኳቸውም።

10ኛው መልስ ከእስራኤል የተጻፈ ነው። ጸሐፊው በየቀኑ ዕብራይስጥና አማርኛ እየቀላቀለ የሚጽፍ ሰው ስለሆነ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉ ፊደላት የተሠራ አንድ የማይታይ ምልክት ለማታለያ እንዴት እንደሚውል አሳየን። ይህ ምልክት በፋይል ስም መካከል ከገባ ከእሱ በኋላ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ ይታያል። እውነተኛ ስሙ ጂ-ፒ-ጄ ነጥብ ኤስ-ሲ-አር ብሎ የሚያልቅ ፋይል፣ ለዓይን ሲታይ አር-ሲ-ኤስ ነጥብ ጄ-ፒ-ጂ ብሎ ያለቀ ይመስላል፤ አንባቢው ጄ-ፒ-ጂን አይቶ ሥዕል ነው ይላል፤ ዊንዶውስ ግን እውነተኛውን ስም አንብቦ ፕሮግራሙን ያስነሣል። ጨምሮም ሁለት አሮጌ ትሎችን፣ ማለትም ራሳቸውን እያባዙ የሚሠራጩ ቫይረሶችን፣ አነሣ። በጥር 1999 የተሠራጨው ሃፒ 99 በመስኮት ውስጥ የአዲስ ዓመት ርችት እያሳየ ከጀርባ ራሱን በኢሜይል ያባዛ ነበር። በታኅሣሥ 2001 የወጣው ጎነር ደግሞ ለወዳጅ የተላከ ስክሪን ሴቨር መስሎ መጣ፤ በቀናት ውስጥም አራት እስራኤላውያን ታዳጊዎች ተያዙበት። ርችቱን ሳነብ በረዶአችን ትዝ አለኝ። ተጠቃሚው የተባለውን ነገር ካየ ሌላ እንዳልተደረገበት ያምናል፤ እኔም አምኜ ነበር።

11ኛው መልስ የመጣው በዱባይ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን ከምትንከባከብ እኅት ነው። እስካሁን ማንም ያላነሣውን የዊንዶውስ ቲም ፋይል አነሣች። ቲም ከውስጡ ሲታይ የልጣፉን (የዴስክቶፑን የጀርባ ሥዕል)፣ የቀለሙንና የድምፁን አድራሻ የያዘ አጭር ጽሑፍ ነው፤ ፕሮግራም አይደለም፤ ስለዚህ በ1ኛው መለኪያ ቢመዘን ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን የልጣፉ አድራሻ ወደ ሩቅ ሰርቨር እንዲያመለክት ከተደረገ፣ ኮምፒውተሩ ሥዕሉን ለማምጣት ሲሞክር የተጠቃሚውን የተመሳጠረ መግቢያ ለዚያ ሰርቨር አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። በመስከረም 2023 ደግሞ ቲም-ብሊድ የተባለውና ቲም ፋይሉን በመክፈት ብቻ ኮድ ለማስኬድ ያስችል የነበረው ቀዳዳ ተጠግኗል። በእሷ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከውጭ ያመጣውን ቲም መክፈት ተከልክሏል፤ ከማይክሮሶፍት መደብር የሚገኘው ብቻ ይፈቀዳል። ለእኔ ሱቅ የሰጠችው ምክር ይበልጥ ቀላል ነው፦ ሥዕሎቹን በአንድ ፎልደር አስቀምጦ በቅንብሩ ውስጥ ስላይድ ሾው የሚለውን መምረጥ። ቲሙ የሚሰጠው ጌጥ ከዚህ ብዙም አይበልጥም።

12ኛው መልስ ወሬ ሳያበዛ ሥራውን አሳየ። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች ሲጫን ጀምሮ ይደብቃቸዋል፤ የገና ሻማ ነጥብ ጄ-ፒ-ጂ ነጥብ ኤስ-ሲ-አር የተባለ ፋይል የገና ሻማ ነጥብ ጄ-ፒ-ጂ ብቻ ሆኖ ይታያል። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው የፈለገውን ምልክት ሊሰጠው ስለሚችል የሥዕል ምልክቱም ምስክር አይሆንም። በዊንዶውስ 11 ማንኛውንም ፎልደር ከፍቶ ከላይ ቪው፣ ከዚያ ሾው፣ ከዚያ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን መምረጥ ነው፤ በዊንዶውስ 10 በዚያው ቪው ሥር ሳጥኑ ይገኛል። ስሙ ረዝሞ በክፍት ቦታ ከተሞላና መጨረሻው ካልታየ ደግሞ የፎልደሩን አቀማመጥ ወደ ዲቴይልስ ለውጦ ታይፕ የሚለውን ዓምድ ማንበብ ነው፤ በ10ኛው የተገለጸው ተገልባጭ ስም እንኳ በዚህ ዓምድ ላይ ስክሪን ሴቨር ተብሎ ይጋለጣል።

ይህን እያነበብኩ በሱቁ የቀረውን ዚፕ ከፍቼ አየሁት። አሥራ አንዱ ፋይሎች ዓምዱ ላይ ጄ-ፒ-ጂ ይላሉ፤ መጠናቸው ከሁለት መቶ እስከ አራት መቶ ኪሎ ባይት ነው። አሥራ ሁለተኛው ስክሪን ሴቨር ይላል፤ ምልክቱ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ዓይነት የተራራና የፀሐይ ሥዕል ነው። ልጅቷ ለይታ ልታውቀው የምትችልበት መንገድ አልነበረም።

13ኛው መልስ የክሩ ስለታሙ መልስ ነው። ጸሐፊው ስለ ቅጥያና ስለ ታሪክ ይህን ያህል ከመጻፍ በፊት አንድ ጥያቄ መቅደም ነበረበት ብሎ ጀመረ። ዊንዶውስ 10 አብሮት የሚመጣ ዲፌንደር የተባለ አንቲቫይረስ አለው፤ እንዲህ ያለውን የታወቀ ሌባ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ገና ሲወርድ ይይዘዋል፤ ታዲያ ለምን ዝም አለ? የሱቁ ባለቤት የደበቀን ነገር አለ ብሎ ደመደመ። እኔም ተቆጥቼ፣ ዲፌንደሩ እንዳልጠፋና በየጊዜው እንደሚታደስ መለስኩ። ይህ መልሴ ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ ግን አልነበረም።

14ኛው መልስ ንዴቱን ለማብረድ ይመስላል፣ ፋይሉን ወደ ቫይረስ ቶታል ልኮ ማስመርመርን ያመጣል። ይህ አገልግሎት በ2004 በስፔን የተጀመረ ሲሆን በ2012 ጉግል ገዝቶታል፤ አንድን ፋይል በብዙ አንቲቫይረሶች በአንድ ጊዜ ያስፈትሻል፤ እስከ 650 ሜጋ ባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል። ሁለት ማሳሰቢያዎች ተሰጥተዋል፤ ሁለተኛው ለእኛ ሥራ ከፍ ያለ ዋጋ አለው። አንደኛው፣ ዜሮ ውጤት ፋይሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ትናንት የተሠራ ቫይረስን ዛሬ ማንም ላያውቀው ይችላል፤ በይለፍ ቃል የታሰረ ዚፕም ውስጡ አይታይም። እንዲያውም ነፃ ማስዋቢያ የይለፍ ቃል ካለው ቁልፉ የተሠራው ከአንቲቫይረሱ ለመደበቅ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ሁለተኛው፣ ወደዚያ የሚላክ ፋይል በደህንነት ባለሙያዎችና በድርጅቶች እጅ ሊገባ ይችላልና የደንበኛ ሰነድ አይላክም። በጽሕፈት ቤት ውስጥ በየፍላሹ የሰው የልደት የምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታና የፍርድ ቤት አቤቱታ እያለ፣ ይህን ሳላውቅ አንድ ጊዜ እንኳ ፍላሽ ሙሉ ፋይል አለመላኬ ዕድል ነው።

15ኛው መልስ ሁለተኛውን ጥያቄዬን በቀጥታ የመለሰ ነው። ጸሐፊዋ ግራፊክ ዲዛይነር ነች። ማስዋቢያ የሚባለው ነገር ዘጠኝ እጁ ልጣፍ ሥዕል ብቻ ስለሆነ፣ የልጣፍ መደብር የሚባሉትን ገጾች ትቶ ሥዕሉ ከሚቀመጥበት ዋና ቦታ መውሰድ ይሻላል ትላለች። የናሳ ፎቶዎች አብዛኞቹ ያለ ክፍያ ይወሰዳሉ፤ በዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ የሰሜን ተራሮችና የጥምቀት በዓል ፎቶዎች በትልቅ መጠን ይገኛሉ፤ አንስፕላሽም አለ። በየትኛውም ቦታ ሥዕሉን ለማውረድ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም፤ ገጹ ማውረጃ ሶፍትዌር ቅድሚያ ጫን ካለ እዚያው ላይ መውጣት ነው። በማስታወቂያ በተጨናነቁት ገጾች ላይ ትልቁና አረንጓዴው ዳውንሎድ የሚለው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ የማስታወቂያው ነው፤ እውነተኛው በትንንሽ ፊደል ከታች ተደብቆ ይገኛል። በቴሌግራም ቻናል ለሚለዋወጡትም አንድ ነገር አክላለች፦ በፎቶ መልክ የተላከ ሥዕል ቴሌግራም ራሱ እንደገና ጨምቆ የሚያስቀምጠው ስለሆነ ጥራቱ ይቀንስ እንጂ ሌላ ነገር ሆኖ አይመጣም፤ በፋይል መልክ የተላከው ግን እንዳለ ስለሚደርስ ቅጥያው መታየት አለበት።

16ኛው መልስ የእመቤታችንን ሥዕል ልጣፍ ማድረግ ተገቢ አይደለም የሚል ነበር፤ ፊቷ ላይ የሪሳይክል ቢን ምልክት ይቀመጣልና። 17ኛው በቤት ግድግዳ ከተሰቀለው በምን ይለያል ብሎ ተከራከረ። 18ኛው ምልክቶቹን ወደ ቀኝ ጥግ መሰብሰብ እንደሚቻል በማመልከት ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከረ። ሦስቱም ከልባቸው ነው የጻፉት፤ አወያዩ ግን ጉዳዩ የሌላ ክር ነው ብሎ ዘጋው። ለማንኛውም የእኛ ሱቅ ልጣፍ የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ የተነሣ ፎቶ ሆኗል፤ ምልክቶቹ የሚቀመጡት በዓለቱ ላይ ነው።

19ኛው መልስ በብራውዘር ላይ ስለሚጫን ጌጥ ነው። የክሮም ቲም ቀለምና ሥዕል ብቻ የያዘ ስለሆነ የሚሠራ ኮድ አይኖረውም። አዲስ ታብ በተከፈተ ቁጥር የሚያምር ፎቶና ሰዓት የሚያሳየው ግን ኤክስቴንሽን፣ ማለትም በብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ነው፤ በምትጎበኛቸው ገጾች ሁሉ ያለህን መረጃ የማንበብና የመለወጥ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ፎቶ ለማሳየት ይህ ፈቃድ ምን ያደርግለታል የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ መፍቀድ አይገባም።

20ኛውን መልስ የጻፈችው አብራኝ የምትሠራው ልጅ ናት። ክሩን ማን እንደነገራት አላውቅም። ለእኔ ያላትን አክብሮት ሳታጎድል፣ ጋሼ ብላ ጀምራ፣ አንድ ያስቀረሁትን ነገር አስታወሰችኝ። ባለፈው ዓመት ዊንዶውሱን ያለ ክፍያ የሚያነቃውን አክቲቬተር ስንጠቀም ዲፌንደር ደጋግሞ ሰረዘው፤ የዚያን ጊዜ የዳውንሎድ ፎልደሩን ከፍተሻ ነፃ ከሚሆኑት ዝርዝር ውስጥ እንድታስገባ ያዘዝኳት እኔ ነበርኩ። ከሥራው በኋላ ዝርዝሩን እንድትመልሰው አልነገርኳትም፤ እሷም አላወቀችም። የገናው ዚፕ የወረደው በዚያው ፎልደር ውስጥ ነው፤ ሲፈታም፣ ሲነሣም እዚያው ነበር። ዘበኛው በሥራ ላይ ነበር፤ ያንን ክፍል ግን እንዳያይ ተነግሮታል። በ13ኛው መልስ የተጠየቀው ጥያቄ መልስ ይኸው ነው ብላ አቆመች። ስለ ራሷ አንድም ቃል አላለችም።

በ21ኛው መልስ እንዳለችው መሆኑን አምኜ ሁለቱንም ሰዎች ይቅርታ ጠየቅሁ።

22ኛው መልስ የዚያ የ13ኛው ጸሐፊ ነው። የድል ነሺነት ቃል ይወጣዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ወዲያው ወደ ሥራው ገባ። የይለፍ ቃል ቀይረን ሌባው ተመልሶ የገባበትን ምክንያት አስረዳ፦ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ከይለፍ ቃሉ ሌላ፣ ብራውዘሩ ገብተሃል ብሎ የያዘውን ኩኪ፣ የዴስክቶፕ ቴሌግራሙንም የክፍለ ጊዜ ፎልደር ይገለብጣሉ፤ ይህን የያዘ ሰው የይለፍ ቃል አይጠየቅም። የእኛ ስሕተት በዚያው በታመመው ኮምፒውተር ላይ አዲሱን ቃል መጻፋችን ጭምር ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ንጹሕ ከሆነ ስልክ ገብቶ ሌሎች መሣሪያዎችን ሁሉ ማስወጣት፤ ከዚያ ቃሉን መቀየርና ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ማብራት፤ ከዚያ ዲስኩን ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስን እንደገና መጫን፤ የደንበኛ ሰነድ ሲገለበጥ ሰነዱን ብቻ ወስዶ የሚነሣ ፋይል ሁሉ መተው። አክቲቬተሩን በሚመለከት ያለው አጭር ነበር፦ እሱም እንደ በረዶው ሁሉ በነፃ የመጣ ፕሮግራም ነው፤ በሩ የተከፈተው ግን ለበረዶው ሳይሆን ለእሱ ሲባል ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ማታ ሱቁን ዘግተን እኔና ልጅቷ ከዝርዝሩ ውስጥ ፎልደሩን አስወጥተን ዲፌንደሩን ሙሉ ፍተሻ አስጀመርነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። አክቲቬተሩንና የበረዶውን ፋይል እንደሚያነሣ ጠብቀን ነበር፤ አነሣቸው። ሦስተኛ ፋይልም አወጣ፤ ባለፈው ፋሲካ የወረደ የመዳፊት ጠቋሚ መጫኛ ነው፤ ጠቋሚውን ወደ ጫጩት ይለውጣል። ማናችን እንዳወረድነው ሁለታችንም አላስታወስንም። 23ኛው መልስ የዚያን ጠቋሚ ስምና የወረደበትን ገጽ ጠይቋል፤ ማሽኑ ነገ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ከብራውዘሩ ታሪክ ፈልጌ አገኘዋለሁ፤ ካገኘሁም እዚሁ ሥር አስቀምጠዋለሁ።